ዌብሳይት ከማሠራታችሁ በፊት፦ ዋጋውን ማን ይቀይረዋል?

ፒያሳ ያደገ ሰው አድራሻ ሲናገር ቁጥር አይጠራም። «ከሲኒማ ኢትዮጵያ ዝቅ ብሎ»፣ «ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስትወርድ»፣ «ማህሙድ ጋ ቆመህ ደውልልኝ» ይላል። የአጎቴ ወርቅ ቤት አድራሻም ለዓመታት እንዲሁ ነበር፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ጠይቆ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ግን የሚጠየቀው ጎረቤትም፣ የሚጠቆመው ምልክትም አብሮ ሄደ። አጎቴ እዚያው አራዳ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ደንበኞቻቸው ግን ሊያገኟቸው አልቻሉም።

«ዌብሳይት ሥራልኝ» አሉኝ አንድ ቀን ማኪያቷቸውን እያማሰሉ። «ግን እንደ በፊቱ እንዳይሆን!»

የበፊቱ ታሪክ አጭር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ከፍለውት ዌብሳይት ሠርቶላቸው ነበር። ዶሜኑን ያስመዘገበው በራሱ ስም ነው፤ ፓስዎርዱም እሱው ጋ ነበር። ልጁ ከሀገር ወጣ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ የዓመቱ ክፍያ አለፈ፣ ዌብሳይቱም ጠፋ። በቃ።

እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬያለሁና «ቀላል ነው ጋሼ» አልኳቸው። ቀላል አልነበረም፤ ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው።

ለማታውቁት፣ ኮድ ሳትነኩ ዌብሳይት የምትሞሉበትና የምትቀይሩበት ሶፍትዌር የይዘት ማስተዳደሪያ፣ በአጭሩ ሲኤምኤስ ይባላል። ሎግ ኢን ትላላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ፎቶ ትጨምራላችሁ፣ ፖስት ታደርጋላችሁ። ገጹን ቅርጽ የሚያስይዘው እሱ ነው። ታዋቂዎቹ ድሩፓል በ2001፣ ዎርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። እንደ ዊክስ ያሉት ደግሞ ሁሉንም ነገር ራሳቸው ጋ አስቀምጠው በየጊዜው ያስከፍላሉ።

እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ትልልቅ ተቋማት የሚገለገሉበትን አንድ ከባድ ሲስተም ነው። ለምን? እውነቱን ልናገር፦ ሲቪዬ ላይ ያምራል ብዬ። ዌብሳይቱ ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ችግሩ፣ አንዲት ዋጋ ለመቀየር ኮምፒውተር መክፈትና እኔን መጥራት ያስፈልግ ነበር። የወርቅ ዋጋ ደግሞ እኔን አይጠብቅም። አጎቴ ይደውላሉ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ «ማታ እቀይረዋለሁ» እላለሁ፣ እረሳለሁ።

አንድ ቀን ውጭ ሀገር የሚኖር ደንበኛ የቀለበት ዋጋ ከዌብሳይቱ ላይ አይቶ እህቱን ብር አስይዞ ላካት። ዋጋው ከሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ ነበር፤ ወርቅ በመሀል ጨምሯል። አጎቴ ስክሪኑን አዩት፣ ልጅቷን አዩዋት፣ «በስሜ ነው የተጻፈው፣ ዋጋዬ ነው» ብለው በተጻፈው ሸጡላት። ልዩነቱን ከኪሳቸው ቻሉት። እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የባሰው እሱ ነው።

በማግስቱ ወረቀት አውጥቼ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጻፍኩ፦ «ዋጋውን በየጠዋቱ የሚቀይረው ማነው? በምን?» መልሱ ግልጽ ነበር። ራሳቸው አጎቴ፣ በስልካቸው። ስለዚህ ሦስት ሲስተሞችን ለሙከራ ጭኜ፣ ስልኩን በእጃቸው ሰጥቼ «የ21 ካራቱን ዋጋ ይቀይሩ» አልኩና ዝም አልኩ። በሁለቱ ላይ ሜኑው ውስጥ ጠፉ። በዎርድፕረስ ላይ መነጽራቸውን ፈልገው አድርገው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ቀየሩት። ምርጫው እዚያው አለቀ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ የተሠሩ ናቸው ይባላል። ይሄ ማለት እኔ ነገ ሥራ ቢበዛብኝ የሚያውቀው ሌላ ልጅ አይጠፋም። ጽሑፉንም በአንድ ፋይል አውርዶ፣ ከፎቶዎቹ ጋር ወደ ሌላ ሆስቲንግ ይዞ መሄድ ይቻላል። በየወሩ በዶላር ካርድ መክፈልም የለም፤ ሆስቲንጉን በብር የሚያስከፍሉ የሀገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ዶሜኑን ደግሞ በአጎቴ ስምና ኢሜይል አስመዘገብኩት። ፓስዎርዱ ካዝናቸው ውስጥ ከወርቁ ጋር ተቀምጧል።

አማርኛ ስትጽፉ ግን ማንም የማይነግራችሁ ሁለት ጣጣዎች አሉ። አንደኛው ሊንክ ነው። ዎርድፕረስ ሊንኩን ከርዕሱ ይወስዳል፤ ርዕሱ በፊደላችን ከሆነ እያንዳንዷ ፊደል ኮፒ ስትደረግ ወደ ዘጠኝ ምልክት ትቀየራለች። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት የፐርሰንት ምልክት የሞላበት ረጅም ጉድ ይወጣል። የሊንኩ ጣሪያ 200 ምልክት ስለሆነም ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። መፍትሔው ሊንኩን በላቲን ፊደል አሳጥሮ በእጅ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አጎቴ «ሐብል» ብለው ይጽፋሉ፣ ደንበኛው «ሀብል» ወይም «ሃብል» ብሎ ይፈልጋል። ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዕቃው እያለ «ምንም አልተገኘም» ይላል። እኛ በየዕቃው መግለጫ ውስጥ ሦስቱንም አጻጻፍ አስገባን።

ዎርድፕረስ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት ብዙ ሌባም ያነጣጥርበታል፤ የሚገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነው። ነጻ ፕለጊኖቹ ከ50 ሺህ በላይ ስለሆኑ ያያችሁትን ሁሉ መጫን ያምራችኋል። እኛ ያሉን አራት ብቻ ናቸው። አፕዴት በራሱ እንዲሠራ አድርጌያለሁ፣ በየሳምንቱም ባክአፕ ይወርዳል። ፎቶም ከስልክ እንደወጣ አይጫንም፤ አራት ሜጋባይት ፎቶ የደንበኛውን ፓኬጅ ይበላል።

«ቴሌግራም ቻናል አይበቃም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ጫማ አምጥታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ይበቃል ባይ ነኝ። ግን ቻናል ላይ የዛሬው ፖስት የትናንቱን ይቀብረዋል፤ አካውንቱ ከተነጠቀ ደግሞ ሱቁም አብሮ ሄደ። እኛ ሁለቱንም ይዘናል፤ ቴሌግራሙ ሰው ይጠራል፣ ዌብሳይቱ ባለበት ይቆያል።

አሁን አጎቴ ጠዋት ማኪያቷቸው እስኪመጣ ዋጋውን ይቀይራሉ። እኔን መደወል ትተዋል፤ ትንሽም ቅር ብሎኛል። ባለፈው ዌብሳይቱን ስከፍት «አድራሻ» የሚለውን ገጽ ሳይነግሩኝ ቀይረውት አገኘሁ። እኔ የሕንፃውን ስምና የፎቁን ቁጥር ነበር የጻፍኩት። እሳቸው ከሥር እንዲህ ጨምረዋል፦

«ፒያሳ ነን። የድሮው ቤት የለም፣ እኛ ግን አለን። ሊፍቱ ካልሠራ ደውሉልኝ፣ እኔ እወርዳለሁ።»