የቀበሌ ምክር ቤትና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ

ቀበሌን የሚወድ ሰው ብርቅ ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ስለ ቀበሌ ብትጠይቁት መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ስብሰባ ብሎ ሦስት ነገር ይቆጥርላችኋል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱን ያጨማድዳል። ምክር ቤቱን አይጠራውም። ቀበሌ ሲባል ለብዙው ሰው በሐሳቡ የሚመጣው ሊቀመንበሩና ማኅተሙ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ ልበልና ልለፍ። ቀበሌ ከወረዳ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ነው። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት ምክር ቤት፣ አስተዳደር ምክር ቤት (በተለምዶ ካቢኔ የምንለው) እና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለው። ሊቀመንበሩ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ። «ቀበሌ የሽማግሌና የካድሬ ቤት ነው፤ ወጣት ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ተቋሙን የተከሉት እኮ ወጣቶች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሔክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። አዋጁን ሬዲዮ ይናገረው እንጂ ገበሬውን ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ አስመርጦ፣ መዝገብ ያስከፈተው ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ የተበተነው ተማሪ ነበር። ዘማቾቹ ከመምህራኖቻቸው ጋር 60,000 ያህል ነበሩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ሌላ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ዘምተዋል። የዛሬው የገጠር ቀበሌ የቆመው በዚያ የገበሬ ማኅበር መሠረት ላይ ነው። የከተማው ቀበሌ የመጣው በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው የከተማ ቀበሌ ጠመንጃ ታጥቆ ወጣቱን ያስርና ይገድል ጀመር። «ቀበሌ ደጃፍ እንዳትደርስ» እያሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ወላጆች ያለ ምክንያት አላሉም፤ ከቀይ ሽብር የተረፉ ናቸው።

መንዝ ላይ ነገሩ ሌላም መልክ ነበረው። ጓሳ በሚባለው የወል መሬት ሣርና ግጦሽ አጠቃቀም ላይ ሕዝቡ ራሱ የሚያዝበት የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበረ (ከኦሮሚያው የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር አይገናኝም)። ዕድሜው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይቆጠራል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈተው የተመረጡ አለቆች አይተው ሲፈቅዱ ነው፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት ያላደነቀ ጎብኚ የለም። እኔም አደንቃለሁ፤ ግን የሚረሳ ነገር አለ፦ መብቱ የሚገኘው በዘር ሐረግ ነበር። ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ ወገን ያልተወለደ ልጅ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን በጓሳው ጉዳይ ቃል አልነበረውም። 1967 የቄሮን ሥርዓት አፈረሰና ጓሳውን በገበሬ ማኅበር እጅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በጓሳው ለመጠቀም የአቅኚው ዘር መሆን ቀርቶ የማኅበሩ አባል መሆን በቃ። ጓሳው በለውጡ ብዙ ተጎድቷል፤ ሆኖም ደሃው ልጅ የመናገር መብት ያገኘው በዚሁ በር ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ነገሩ ያስገርማል። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ከ15 ወደ 300 ከፍ አለ። አንድ ሺህ አባወራ ባለበት ቀበሌ ይህ ቢሰላ ከሦስት ቤት አንዱ ያህል የምክር ቤት አባል ይኖረዋል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ መቀመጫዎቹን ከሞላ ጎደል ጠራርገው የያዙት የኢሕአዴግ ዕጩዎች ነበሩ። ቢሆንም 300 ሰው የሚቀመጥበት ምክር ቤት ውስጥ ወጣት አይጠፋም። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ተደረገ። የ2010ሩ ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። በ2013 የመረጥነው ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት። ለወረዳና ለቀበሌ የመረጠ ሰው የለም።

እስቲ አስሉት። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ዛሬ በ2018 የ29 ዓመቱ ሰው በ2005 ገና 16 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ በፖሊሲው አቆጣጠር ወጣት ከሚባለው ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የቀበሌውን ምክር ቤት የመረጠ የለም። ስለ ወጣቶች ተሳትፎ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ውሃ አድሎ የሚያወያየን ሁሉ ይህችን ሒሳብ ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ በብዙ ቦታ ጉባኤ መጥራት ቀርቶ የቀበሌ ቢሮ መክፈትም ችግር ሆኗል።

ታዲያ ኮሮጆ የሌለው ወጣት በምን ይሳተፋል? ስለ ሊግ፣ ስለ ፎረምና ስለ ወጣት ማኅበር ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ ለእነሱ ልተወው። እኔ የምወደው መዝገቡን ነው።

የቀበሌ ቃለ ጉባኤ መዝገብ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ ትልቅ ደብተር ነው። ከላይ ቀን፣ ቦታና ሰዓት ይጻፋል። ቀጥሎ የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩ፣ ያለ ፈቃድ የቀሩ። ከዚያ አጀንዳ፣ የተነሣው ሐሳብ፣ ውሳኔ። ግርጌው ላይ ፊርማ ይደረደራል፤ ፊደል ያልቆጠረው በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ይኸው ነው። ግን ወረዳ ላይ ያለው የመሬት፣ የሥራ ዕድል ወይም የፋይናንስ ባለሙያ ያን ቀን ማን እንደጮኸ፣ ማን እንዳለቀሰ አያውቅም፤ የሚያየው ከዚህ ደብተር ተገልብጦ፣ ማኅተም አርፎበት የመጣውን ገጽ ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር ለእሱ አልተባለም።

መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። ሽማግሌዎቹ «ጽሕፈቷ ያምራል» ብለው አንዷን ይጠቁማሉ፤ እሷም ቅር እያላት ትቀበላለች። ጓደኞቿ ይስቁባታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፦ ጸሐፊነትን ተላላኪነት አድርጋችሁ የምታዩ ልጆች፣ በቀበሌው ውስጥ ትልቁን ወንበር እየሸሻችሁ ነው። ሊቀመንበሩ ይናገራል፤ የተናገረውን ወደ ውሳኔ የምታሰፍረው ጸሐፊዋ ናት።

አንዱን ደጋ ቀበሌ ስም ሳልጠራ ላንሣ። ጉዳዩ የወል ግጦሽ ነበር፤ ከመሬቱ ቆርሶ በግ ለሚያሞክቱ የተደራጁ ወጣቶች መስጠት። ሽማግሌዎቹ በሬያችን የት ይግባ አሉ። የሚገርመው አራት ወጣቶችም ተቃወሙ፤ ምክንያታቸው የተደራጁት ልጆች ስም በማን እንደተመረጠ አለመታወቁ ነበር። ጸሐፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባና ደርባ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በብርዱ እስክሪብቶው እምቢ እያላት አፏ አስጠግታ በትንፋሿ ታሞቀዋለች። ድምፅ ተሰጠ፤ ሐሳቡ በአብላጫ አለፈ። ሊቀመንበሩ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብለሽ ጻፊው» አላት።

«በሙሉ ድምፅ አይደለም እኮ ጋሼ፤ የተቃወሙ አሉ።»

«የአራት ልጅ ነገር ምን ይጻፋል፣ ልጄ?»

«የተባለውን ነው የምጽፈው፤ ኋላ ቢጠየቁ እርስዎም ይጠቅምዎታል።»

ጻፈችው። የልዩነት ሐሳብ ብላ፣ ከነምክንያቱ፣ በሁለት መስመር። ኋላ እንደሰማሁት ጉዳዩ ወረዳ ደርሶ ተመለሰ፤ የስም ዝርዝሩ በይፋ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበት ተባለ። ከዝርዝሩ የወጣም የገባም ነበረ አሉ። ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ካደረገው ይልቅ ሁለቱ መስመሮች ያደረጉት በለጠ።

«በሙሉ ድምፅ» የምትለዋ ሐረግ የቃለ ጉባኤ በሽታ ናት። ማጨብጨብ ድምፅ አይደለም። «ተቃውሞ የለም አይደል?» ብሎ ዙሪያውን ቃኝቶ መቀጠልም ቆጠራ አይደለም። 300 አባል ያለው ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 151 ሰው ሲገኝ ነው፤ ጸሐፊዋ ራስ ካልቆጠረች ማንም አይቆጥርም።

ሌላው ጉድ «ልዩ ልዩ» ነው። የመጨረሻው አጀንዳ። የወጣቶች ጉዳይ ሁልጊዜ እዚያ ይጣላል፦ የመሥሪያ ሼድ ጥያቄ፣ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ፣ የኳስ ሜዳው ለገበያ መወሰድ። ልዩ ልዩ ሲደርስ ግማሹ ሰው ከብቱን ሊመልስ ሄዷል፤ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ያያል፤ ውሳኔው «በቀጣይ ይታያል» ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ አስገቡና ቁጥር ያለው አጀንዳ ይሁን በሉ። አጀንዳ 2 የሆነ ጉዳይ ቢያንስ ውሳኔ የሚል ርእስ ይወጣለታል።

ስለ ፊርማ ወረቀቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ስብሰባ ገብታችሁ፣ ወረቀት ሲዞር ሳታነቡ የምትፈርሙ ብዙ ናችሁ። የተገኙ ስም ዝርዝር ነው ብላችሁ ነው። ከላዩ ላይ ባዶ ግማሽ ገጽ ካለ ግን በኋላ ምን እንደሚጻፍበት አታውቁም፤ ጉባኤ ላይ መገኘታችሁ ስምምነት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ርእሱ ሳይጻፍ አትፈርሙ።

ጸሐፊም አባልም ላልሆነ ወጣት የቀረው ነገር ማረሚያው ሰዓት ነው። ያለፈው ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበባል፤ ወይም መነበብ አለበት። «እንዲህ አልተባለም፣ ይታረምልኝ» ማለት የሚቻለው ያኔ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ ያለው መንገድ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ ረጅም ነው። ንባቡ የሚሆነው የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ ነው፤ ወጣቱ ደግሞ «እስኪጀምሩ» እያለ ደጅ ቆሞ የሚያወራው በእነዚሁ ደቂቃዎች ነው። ግቡ። ካልተነበበ «ይነበብልን» በሉ፤ ሊቀመንበሩ ቅር ቢለው እንኳ ጸሐፊዋ ገጹን ገልጣ ትጠብቃችኋለች።