ተርሚናላችሁ ስህተትን በቀይ ይንገራችሁ

እስቲ ይህን አስቡት። መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ያለ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጽፏል እንበል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ 200 መስመር ይወርዳል፤ ሁሉም ነጭ። ከመካከሉ አንዷ መስመር «ፋይሉ አልተገለበጠም» ትላለች። ልጁ አላያትም። ዋናውን ከላፕቶፑ አጠፋው። በቃ፣ የወራት ልፋት ገደል ገባ።

ያቺ መስመር ቀይ ብትሆን ኖሮስ?

ነገሩ ቀላል ነው። ተርሚናል ከጽሑፉ ጋር የማይታይ ትእዛዝ ይቀበላል። ትእዛዙ «ኢስኬፕ» በሚባል ምልክት ይጀምራል፤ ፓይተን ላይ ባክስላሽ 033 ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ «[»፣ ከዚያ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤም»። በመካከላቸው ክፍት ቦታ የለም። ዋናው ቁጥሩ ነው፦

31 - ቀይ
32 - አረንጓዴ
33 - ቢጫ
1 - ደማቅ
4 - ከሥሩ የተሰመረበት
0 - ወደ ነበረበት መመለሻ

0ን እንዳትረሱ! ከረሳችሁ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀጥላል። ሁሉም ቀይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነጭ ከመሆኑ በምን ይሻላል?

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል በስፋት አስተዋወቀው። ያ መሣሪያ ቀለም ባይኖረውም ማድመቅና ማስመር ይችል ነበር። ዛሬ ሊኑክስም፣ ማክም፣ ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጡትም ይረዱታል።

ሌላው ጥቅሙ፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ምንም ነገር አያስፈልገውም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባት ለቆየች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ በቀለም ብቻ አትተማመኑ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ «ስህተት» ወይም «ተሳክቷል» የሚለውን ቃልም ጻፉ። ሁለተኛ፣ ውጤቱን ፋይል ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ቀለሙን አጥፉት። አለበለዚያ ፋይሉን ስትከፍቱት በየመስመሩ የተዘበራረቀ ምልክትና ቁጥር ታገኛላችሁ። ፓይተን «ኢዝ ኤ ቲ ቲ ዋይ» በሚለው ትእዛዝ ጽሑፉ ወደ ስክሪን ነው ወይስ ወደ ፋይል የሚሄደው የሚለውን ይነግራችኋል።

ዛሬውኑ አንድ መስመር ቀይ አድርጋችሁ ሞክሩት። ኮድ ለሚማር ጓደኛችሁም አጋሩት።