በመቀነት የምትያዘው ቱቦ

በጡት ካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስወገደች ሴት ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ሆስፒታል ወደ ደብረ ታቦር ስትመለስ፣ ሊጠይቃት የሚመጣው ዘመድና ጎረቤት ስለ ሕመሟና ስለ መድኃኒቷ አብዝቶ ሲጠይቅ፣ ከብብቷ በታች ወጥታ በትንሽ የላስቲክ ፊኛ የምታልቀውን ቀጭን ቱቦ ግን በፍርሃት እያየ ዝም ይላል። ሐኪሞች ድሬን የሚሏት ይህች መሣሪያ፣ በነርስነት በማገለግልበት ዘመን ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ሆኜ ሥራዋን የተመለከትኳት፣ ውለታዋ የበዛ ምስጋናዋ ግን ያነሰ አገልጋይ ናትና ስለ እርሷ ጥቂት መናገር ይገባል።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የበዛው መሆኑ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ሊድን መቻሉ የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም።

ጡት በተወገደ ጊዜ በቆዳውና በደረቱ ጡንቻ መካከል ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ የብብት ንፍፊቶች አብረው ሲወጡ ደግሞ በእነርሱ በኩል ያልፍ የነበረው ውሃ መሰል ፈሳሽ መንገዱን አጥቶ ወደዚያው ስፍራ ይንጠባጠባል። ፊኛዋ ተጨምቃ አየሯ ከወጣ በኋላ ክዳኗ ሲገጠም፣ ወደ ቀድሞ ቅርጿ ስትመለስ ፈሳሹን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ቆዳውም በደረቱ ላይ ተኝቶ ከሥጋው ጋር ይዋሐዳል። ፈሳሹን ማውጣቷ ለዚህ ውሕደት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ይህን ካለማወቅ የተነሣ በደጋው አገራችን ሥር የሰደደ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ቱቦዋ የሕመምተኛዋን ደም ትመጥጣለች፣ ጉልበቷንም ታደርቃለች የሚለው ነው። በፋርታ ወረዳ አንዲት ሕመምተኛ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ አያቷ ወደ ደጅ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ደሟን መጥጦ ሊጨርሳት ነው፤ ስለ እመቤታችን ብለህ አውጣላት» አሉኝ። ገብቼ ባየሁ ጊዜ ቱቦዋ በፈትል ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች፤ ፊኛዋ ባዶ ናት፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽ ግን ከቆዳው ሥር ተጠራቅሞ ደረቷን አሳብጦታል። «እማማ፣ እስቲ ቀለሙን ይመልከቱት» ብዬ ክሩን ፈትቼ ፊኛዋን ብጨምቃት፣ ጥቂት ቆይቶ የወረደው ፈሳሽ ብርዝ የመሰለ ነበር። እኒያን እናት አልነቅፋቸውም፤ ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። የሚነቀፈው፣ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ማስረዳት ሲችል ሕመምተኛዋን ቱቦ አንጠልጥሎላት ዝም ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያ ነው።

ሊታወቅ የሚገባው ሥርዓት ይህ ነው፤ ፈሳሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ ቅላቱ ይፈዝዛል፣ በመጨረሻም ወደ ቢጫነት ይመለሳል፤ መጠኑም ዕለት ዕለት ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ፣ ብዙ ጊዜም በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ሐኪሙ ቱቦዋን ያወጣታል። ፊኛዋ በድንገት በትኩስ ደም ቶሎ ቶሎ ከሞላች፣ ፈሳሹ መግል ከሆነ ወይም ከሸተተ፣ ወይም የሕመምተኛዋ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ለአያያዟ የአገራችን መቀነት ያህል የሚስማማ አላየሁም። ፊኛዋ ከቁስሉ ዝቅ ብላ በመቀነቱ ላይ ስትታሰር፣ ሴቲቱ ብትነሣም ብትቀመጥም ቆዳዋን አትጎትታትም። ጠዋትና ማታ እጅን በሳሙና ታጥቦ ክዳኗን መክፈት፣ በመለኪያ ገልብጦ መጠኑን መጻፍ፣ ፊኛዋን ጨምቆ እንደ ተጨመቀች መክደን ነው። አስቀድመው ከድነው በኋላ ሊጨምቋት የሚታገሉ አሉ፤ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ድካማቸው ከንቱ ነው። ጠበል የምትሻ እኅትም ቱቦዋ እስክትወጣና ቁስሏ እስኪጠግግ ድረስ ትጠጣ እንጂ አትጠመቅ፤ እርጥበቱ በቀዳዳው በኩል ተሕዋስያንን ያስገባልና።

ክንድን በሚመለከት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ባሳወቀው ቀዶ ሕክምና የደረት ጡንቻ ጭምር ይወገድ ስለ ነበር ብዙ ሴቶች ክንዳቸው ይጎዳ ነበር፤ ዛሬ ጡንቻው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀር ክንድን አስሮ ማስቀመጥ ትከሻን ማድረቅ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርንን ማጠፍ፣ ጠጉርን ማበጠር ይገባል፤ ከትከሻ በላይ ማንሣት ግን ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ገመዱ ደረትን አቋርጦ የሚታሰር እንስራም ሆነ 20 ኪሎ የሚመዝን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ለብዙ ሳምንታት ከእርሷ ይራቅ። ንፍፊቷ የወጣበት ክንድ በቀላሉ ስለሚያብጥ ከምጣድ ቃጠሎና ከእሾህም ይጠበቅ።

እንግዲህ ሊጠይቃት የሚሄድ ሰው የእርሷን ውሃ ቀድቶ ይሂድ፤ ከተቀመጠም በኋላ ከቱቦዋ ዓይኑን ሳያሸሽ «ዛሬ ስንት ወረደ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከትናንቱ አንሶ እንደ ሆነም ከእርሷ ጋር «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበል።