ቸኮላታና የካካዎ ገበሬ

ቸኮላታን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዴትና በማን ድካም እንደሚሠራ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የካካዎ ፍሬ እንደ ትንሽ ዱባ ሆኖ ከዛፉ ግንድ ላይ ይንጠለጠላል። ገበሬው በገጀራ ቈርጦ ይከፍተውና፥ ነጭ ሥጋ የለበሰውን ዘር ከምሮ፥ በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ አምስት ስድስት ቀን ያብላላዋል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የቸኮላታ ጣዕም መነሻው ይህ መብላላት ነው፤ ያልተብላላውን ዘር ፋብሪካ አያድነውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቸኮላታ ሠሪ ገበሬው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የቀረው የመኪና ሥራ ነው። ከዘሩ ግማሽ ያህሉ ቅባት ሲሆን፥ ይህን ቅባት በ1828 ሆላንዳዊው ቫን ሁተን በመጭመቂያ ለየው። በ1847 የእንግሊዙ ፍራይ ቅባቱን ከካካዎና ከስኳር ጋር ቀላቅሎ የሚቈረጠም ቸኮላታ አወጣ፤ በ1875 ስዊሳዊው ፒተር ወተት ጨመረበት። ቅባቱ ሲረጋ ስድስት ዓይነት ቅርጽ ሊይዝ ይችላል፤ የሚፈለገው ግን አምስተኛው ነው፤ ያብረቀርቃል፥ ሲሰበር ቀጭ ይላል፥ 34 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥም አፍ ውስጥ ይሟሟል። ፀሐይ መቶት እንደገና የረጋ ቸኮላታ የሚነጣው ሻግቶ አይደለም፤ ቅባቱ ቅርጹን ለውጦ ነው እንጂ። ይጣል የሚል ካለ ለእኛ ይስጠን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእንግሊዙ የካድበሪ ቤት ባለቤቶች ኩዌከር የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮችና ለሠራተኞቻቸው በቦርንቪል መልካም መንደር ያሠሩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ካካዎውን ግን በብዛት የሚገዙት የፖርቱጋል ቅኝ ከነበረችው ከሳን ቶሜ ደሴት ነበር። በዚያ የሚሠሩት ከአንጎላ በውል ስም የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ፤ ውሉ አምስት ዓመት ይላል፥ ወደ አገሩ የሚመለስ ግን የለም ማለት ይቻላል። ዊልያም ካድበሪ ይህን ወሬ የሰማው በ1901 ነው። መርማሪ ተላከ፥ ደብዳቤ ተጻፈ፥ ግዢው ግን እስከ 1909 ቀጠለ። በ1908 ስታንዳርድ የተባለው ጋዜጣ ይህን ቢያወጣ፥ ካድበሪዎች ስማችን ጠፋ ብለው ከሰሱ። ዳኝነቱ ለእነሱ ሆነ፤ የተፈረደላቸው ካሣ ግን አንድ ፋርዚንግ፥ ማለትም የፔኒ ሩብ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ልክ ነው። ክፉዎች ነበሩ አንልም፤ ለምርመራ ስምንት ዓመት ግን በዛ።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ጎልድ ኮስት፥ ወደ ዛሬዋ ጋና አዞሩ። በዚያ ብዙው ገበሬ የእርሻው ባለቤት ነው፤ ይሁን እንጂ ዋጋ ቈራጩ ገዢው ነበር። በ1937 ካድበሪን ጨምሮ ትልልቆቹ ገዢዎች እንዳይሻሙ ሲዋዋሉ፥ ገበሬዎቹ ካካዎአችንን አንሸጥም ብለው ከጎተራ አኖሩት፤ የአውሮፓን ዕቃ መግዛትም ተዉ። ወራት ታገሡ፤ ከለንደን የመጣው መርማሪ ጉባዔም የገዢዎቹን ውል ነቀፈ።

ዛሬ ከዓለም ካካዎ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚያመርቱት ኮት ዲቯርና ጋና ናቸው። በ2019 ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ለገበሬው በቶን 400 ዶላር እንዲጨመር ወሰኑ። ገዢዎቹ ጭማሪውን ተቀብለው፥ ለጥራት ይከፍሉት የነበረውን ብልጫ ግን ስለ ቀነሱ፥ በ2022 ሁለቱ አገሮች ብራስልስ በተደረገው የካካዎ ስብሰባ አንገኝም ብለው ቀሩ።