ከዳክዬ ጉበት የተገኘው ፍንጭ

በዲላም ሆነ በይርጋጨፌ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚውጣት አንዲት ክኒን አለች። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር አንድ ላይ ያሉባት ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስም ይገታሉ። አንድ መድኃኒት ሁለት የተለያዩ ቫይረሶችን እንዴት ሊመታ ቻለ?

ታሪኩ ከደም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ፕሮቲን አገኘ። ምንነቱ ወዲያው አልገባውም፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አካል እንደሆነ ለማረጋገጥ ዓመታት ፈጅቷል። በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቫይረሱ እንዴት እንደሚባዛ ግን ገና ምስጢር ነበር።

ምስጢሩን የፈቱት እንደ ብሉምበርግ ሁሉ በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ይሠሩ የነበሩት ጄሲ ሰመርስና ዊልያም ሜሰን ናቸው። የሰውን ቫይረስ በቤተ ሙከራ ማራባት አስቸጋሪ ስለነበር ወደ ዘመዱ፣ ወደ ዳክዬ ጉበት ቫይረስ ዞሩ። በ1982 ያዩት አስደናቂ ነበር፦ ቫይረሱ ዲኤንኤውን የሚሠራው መጀመሪያ አርኤንኤ አዘጋጅቶ፣ ያንን ወደ ኋላ ወደ ዲኤንኤ በመገልበጥ ነው። በቀጣዩ ዓመት የተገኘው ኤች አይ ቪም የሚባዛው በዚሁ የኋልዮሽ ግልበጣ ሆነ። ስለዚህ ግልበጣውን የሚያደናቅፍ መድኃኒት ሁለቱንም ሊያገኛቸው ይችላል። ቴኖፎቪር በ2001 ለኤች አይ ቪ፣ በ2008 ለሄፓታይተስ ቢ በአሜሪካ ተፈቀደ።

በአገራችን ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ግን ቴኖፎቪር ገና በብዙዎች እጅ አልገባም ነበር። በብዙ ታካሚ መድኃኒት ውስጥ የጉበቱን ቫይረስ የሚነካው ላሚቩዲን ብቻ ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ቫይረሱ ከጊዜ በኋላ ይለምደዋል። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንም ረጅም ጊዜ ጠብቀዋል፤ በአዲስ አበባው ጳውሎስ ሆስፒታል በቴኖፎቪር የማከም ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል፤ መድኃኒቱ ያኔ ለኤች አይ ቪ ታካሚዎች አገር ውስጥ ገብቶ ነበርና።

ክኒኗ ቫይረሱን ከጉበት ጠራርጋ አታወጣም፤ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ቴኖፎቪር ሲቋረጥ ወይም በሌላ ሲተካ ጉበት በድንገት ሊቆጣ ይችላል። «የወፍ በሽታ» እንደምንለው ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅም አያዋጣም፤ ብዙዎች ለዓመታት ምንም ምልክት አያዩም።

ስለዚህ መድኃኒት የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሬያለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክኒኗንም ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።