ሕመምና የጡንቻ ጉልበት

ተከዜ፣ አንገረብና ጓንግ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ወርደው በሱዳን ምድር ሲገናኙ የአትባራን ወንዝ ያበረታሉ። ይህም ወንዝ በኸሽም አል ግርባ ተገድቦ የኒው ሀልፋን የእርሻ ቦታ ያጠጣል። የአስዋን ግድብ ውሃ አገራቸውን ሊያጥለቀልቀው በተቃረበ ጊዜ፣ በ1956 ዓ.ም. ከዋዲ ሀልፋ የተነሡት ኑብያውያን የሰፈሩት በዚሁ ሥፍራ ነው።

እንዲህ ባለ የእርሻ አገር ጉልበት የሚገኘው ከሥራ ነው። ጥጥ የሚለቅም፣ ማሽላ የሚያጭድ ወይም ውሃ የሚቀዳ ሰው ጡንቻው ሳያውቀው ይጠነክራል። ነገር ግን ይኸው ሰው በስኳር በሽታ ወይም በደም ግፊት ሲያዝ፣ ዘመድ ጎረቤቱ «አይድከም፤ ይረፍ» ይለዋል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ዕረፍት ሲበዛ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ሕመምተኛውም ከመቀመጫው ለመነሣት እንኳ የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል።

ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወስዶ ለኃይል ይጠቀምበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ዐዋቂዎች የሚችሉ ከሆነ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የመከረውም ስለ ጥቅሙ ነው።

ለዚህ ሥራ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ለክንድ ጥሩ ክብደት ነው። በማይነቃነቅ ወንበር ላይ ደጋግሞ መቀመጥና መነሣት ጭንን ያጠነክራል። መዳፍን በግድግዳ ላይ አሳርፎ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት ደግሞ ደረትንና ትከሻን ያበረታል። ጀማሪ በጥቂቱ ይጀምር፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ብዛቱንም ክብደቱንም እየቆየ ይጨምር።

ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ሕመምተኛው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር። ክብደት ሲያነሣ ትንፋሹን አይያዝ፤ የታፈነ ትንፋሽ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ አይጀምር፤ የደሙ ስኳር ከልክ በታች እንዳይወርድም ጣፋጭ ነገር ከአጠገቡ ያኑር። ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያውኑ ያቁም። እንደ ኒው ሀልፋ ባለ ቆላ ምድር ደግሞ ጠዋት ወይም ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ መሥራት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ኒው ሀልፋና ወደ ገዳሪፍ ሸሽተዋል። ሐኪምና መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኙበት ጊዜ፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ መድኃኒትን ባይተካም ሕመምተኛው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችል እርዳታ ነው። በእግሩ ቆሞ የራሱን ውሃ መቅዳት የሚችል ሰው፣ ሕመም ቢኖርበትም ለቤቱ ሸክም ሳይሆን ደጋፊ ሆኖ ይኖራል።