ልጅ የቤተሰቡ አንደበት ሲሆን

ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሚገባ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት የሚያንኳኳቸው በሮች ብዙ ናቸው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማውጣት፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ቤት መከራየት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ የጤና ኢንሹራንስ መግባትና መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። በእያንዳንዱ በር ፎርም አለ፤ ፎርሙም በእንግሊዝኛ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ፎርሙን የሚያነበው፣ ስልኩን የሚያነሣው፣ ደብዳቤውን የሚፈታው በብዙ ቤቶች ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ይሆናል።

ይህ መጀመሪያ ላይ ደስ ያሰኛል፤ የልጁ ቋንቋ መልመድ የስደቱ የመጀመሪያ ፍሬ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ሱቅ ውስጥ ዋጋ በመጠየቅ የተጀመረው እርዳታ ቀስ በቀስ ወደ ሐኪም ክፍል፣ ወደ አከራይ ማስጠንቀቂያና ወደ ጠበቃ ቢሮ ይሻገራል። ያን ጊዜ ልጁ ከዕድሜው በላይ የሆነ ሸክም ይሸከማል፤ ቤተሰቡም ሳያውቀው ለአደጋ ይጋለጣል። በአሜሪካ በብዙ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለ የማያውቁ ወላጆች ግን ብዙ ናቸው።

ልጆች ለምን ይቀድማሉ?

ልጆች እንግሊዝኛን ቀድመው የሚለምዱት ወላጆቻቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ልጁ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከመምህራንና ከእኩዮቹ ጋር በእንግሊዝኛ ያሳልፋል። ትምህርት ቤቱም ቋንቋውን እንዲያስተምረው ይገደዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናዊ ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ልጆች የተለየ እገዛ አለማድረግ ትምህርት እንደመንፈግ እንደሚቆጠር ወስኗል።

ወላጆች እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም። ብዙዎቹ እንደደረሱ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ይጀምራሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ብዙ ጊዜ የአገራቸው ልጆች በመሆናቸው ቀኑ በአማርኛ ይነጋል፣ በአማርኛ ይመሻል። የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የማታው የቋንቋ ትምህርት የሥራ ሰዓቱ፣ የጠዋቱም የእንቅልፍ ሰዓቱ ነው። በወላጅና በልጅ መካከል ያለው የቋንቋ ልዩነት የተፈጠረው በአብዛኛው በጊዜ እጦት ነው።

ሚናው ሲገለበጥ

አሌሃንድሮ ፖርቴስና ሩቤን ሩምባውት የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የስደተኛ ልጆችን ሕይወት በሰፊው መርምረዋል። ልጆች አዲሱን ቋንቋ በፍጥነት ሲለምዱ፣ ወላጆች ሲዘገዩና ልጆቹ የእናት ቋንቋቸውን ሲተዉ የወላጅና የልጅ ሚና እንደሚገለበጥ፣ የወላጅ ሥልጣንም እንደሚላላ ያስረዳሉ።

በኢትዮጵያውያን ቤት ይህ መገለባበጥ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። በአገር ቤት «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ተማሪ ያጠፋ ነው፤ ነገሩ ደኅና ከሆነ ወላጅ ትምህርቱን ለመምህሩ አደራ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ በመደበኛነት የሚካሄድ ሲሆን፣ በዚያ የማይገኝ ወላጅ ለልጁ ግድ የሌለው ሊመስል ይችላል። ወላጅ በስብሰባው ተገኝቶ አስተርጓሚው ራሱ ተማሪው ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ስለ ውጤቱና ስለ ጠባዩ የተነገረውን ለወላጁ የሚያስተላልፈው ባለጉዳዩ ነው። ልጁ ባይዋሽ እንኳ፣ ያሳፈረውን ማለዘቡ የማይቀር ነው።

የልጁ ሸክም ከዚህም ይሰፋል። የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ያነበበ የ12 ዓመት ልጅ የቤተሰቡን ዕዳ ያውቃል። ከኢንሹራንስ ድርጅት ጋር በስልክ ሲከራከር ያመሸ ልጅ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ይተኛል። የአባቱን ልመና ለአለቃው የተረጎመ ልጅ አባቱን ከዚያ በፊት በማያውቀው መልክ ያየዋል።

ጉዳዩ አንድ ገጽ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ማርጆሪ ፎልስቲች ኦሬያና የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለቤተሰባቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች በሥራው ክህሎት እንደሚያዳብሩና ለቤተሰቡ ትልቅ አስተዋፅኦ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ልጅ ቤተሰቡን መርዳቱ በራሱ ነውር የለበትም። ጥያቄው የትኛው ሥራ ለልጅ ይመጥናል የሚለው ነው።

በሐኪም ፊት

ለልጅ ፈጽሞ የማይመጥነው ሥራ በሕክምና ክፍል ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአስተርጓሚ የተካሄዱ 13 የሕክምና ቆይታዎችን በድምፅ ቀድቶ መርምሯል። ቋንቋው ስፓኒሽ ነበር። በአማካይ በአንድ ቆይታ 31 የትርጉም ስሕተቶች ተገኝተዋል። በሆስፒታል አስተርጓሚዎች ከተሠሩት ስሕተቶች 53 በመቶው በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ሥራቸው ማስተርጎም ያልሆነ ሰዎች በሠሩት ላይ ቁጥሩ ወደ 77 በመቶ ከፍ ብሏል። ከእነዚህ የአጋጣሚ አስተርጓሚዎች አንዱ የታማሚው የ11 ዓመት ወንድም ወይም እኅት ነበር።

የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ፈተና ከዚህ አያንስም። እናት «ምች መታኝ» ስትል ልጁ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል የለውም። «ሆድ ባሰኝ» የሚለው ኀዘን ወደ ሆድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። «ኩላሊቴን» የሚል አባት ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ጎኑን ወይም ወገቡን ነው፤ ልጁ ግን ኩላሊት ብሎ ይተረጉመዋል። እንዴት ነዎት ለሚለው የሐኪም ጥያቄ የሚሰጠው «ደኅና፣ ተመስገን» የሚል መልስ ልማድ እንጂ የጤና መግለጫ አይደለም፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ታማሚው ሕመም የሌለበት ይመስላል። በልጅ ፊት የማይነገርም አለ፤ እናት ስለ ማሕፀኗ፣ አባት ስለ ሽንቱ፣ ሁለቱም ስላሳለፉት የጦርነትና የስደት መከራ ልጃቸው በተቀመጠበት በግልጽ አይናገሩም። ያልተነገረ ምልክት ደግሞ አይመረመርም።

ከሁሉ የሚከብደው ክፉ ዜና ነው። በኢትዮጵያ ባህል መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተመካክረው፣ ሰዓቱንና ቦታውን መርጠው፣ ብዙ ጊዜ ገና ሲነጋ፣ የሚደግፍ ሰው አዘጋጅተው ይናገራሉ። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ልጅ ግን ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምቶ ወዲያው ወደ እናቱ ዞሮ መናገር ይኖርበታል። ወይ ይናገራል፣ ወይ ይደብቃል፤ ሁለቱም ከልጅ ሊጠየቁ የማይገባቸው ናቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ልጁን መናቅ ሳይሆን ከማይችለው ሸክም ማዳን ይሆናል።

ሰዓት፣ ቀንና ስም

አንዳንድ ስሕተቶች ደግሞ ከኢትዮጵያ የጊዜ አቆጣጠርና ስም አወጣጥ የሚመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከአሜሪካው አቆጣጠር በስድስት ይለያል። ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር የተሰጠውን ቀጠሮ ልጁ «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ከተረጎመ እናቲቱ ቀጠሮው ካለፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ ልትደርስ ትችላለች። መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት እንዲሁ ሲዛባ መዘዙ ይከፋል።

ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። በክትባት ካርድ ላይ 12/5/2010 ተብሎ የተጻፈው ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2018 ነው። አሜሪካዊ አንባቢ ግን ዲሴምበር 5 ቀን 2010 ብሎ ያነበዋል፤ ልጁም ሳይወለድ የተከተበ ይሆናል። በሕፃንነቱ ከአገር የወጣ ልጅ ይህን ልዩነት ላያውቅ ይችላል።

በስምም በኩል፣ በኢትዮጵያ ከግል ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። ስለዚህ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አባት፣ እናትና ልጆች ሦስት የተለያዩ ስሞች ይሞላሉ። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ስም በሁሉም ሰነድ አንድ ዓይነት ፊደልና ቅደም ተከተል ካልያዘ ኋላ ለማስተካከል አድካሚ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የመብቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የሕጉ ስድስተኛ ክፍል ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰዎችን በትውልድ አገራቸው እንዳያገልል ይከለክላል። ፍርድ ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህ ቋንቋንም እንደሚመለከት ተርጉመውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና በተለምዶ ኦባማ ኬር የሚባለው የጤና ሕግ ደግሞ፣ በማስፈጸሚያ ደንቡ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ታማሚውን አስተርጓሚ ይዘህ ና ማለት አይችሉም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም የሚፈቀደው ሕይወትን ወይም ደኅንነትን ለሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ፣ ብቁ አስተርጓሚ እስኪገኝ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፌደራል መሥሪያ ቤቶች የቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያወጡትን ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ማርች 1 ቀን 2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ባደረጉበት ትእዛዝ ሽረውታል። ይሁንና የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ምክር ቤቱ ያወጣቸውን ሕጎች አይሽርም።

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች የሚመለከት ሲሆን፣ አማርኛ ተፈጻሚ ከሚሆንባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ችሎት አስተርጓሚ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በሚደረግ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ግን አመልካቹ ራሱ አስተርጓሚ ይዞ መቅረብ አለበት፤ አስተርጓሚውም ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን ይኖርበታል።

አገሮች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። አውስትራሊያ በ131 450 ስልክ ቁጥር ቀንና ሌሊት የሚሠራ ብሔራዊ የማስተርጎም አገልግሎት አላት። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የአስተርጓሚ ሕጓ የመንግሥት ተቋማት ልጆችን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ከልክላለች፤ ለድንገተኛ ጉዳይ ካልሆነ በቀር። በጀርመን በአንጻሩ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች 600 ሰዓት የቋንቋና 100 ሰዓት የአገር ትውውቅ ትምህርት የያዘ መደበኛ የውሕደት ኮርስ ቢኖርም፣ የሕዝብ ጤና መድኑ በሐኪም ዘንድ የሚያስፈልገውን የአስተርጓሚ ወጪ በመደበኛነት አይሸፍንም።

ቤተሰቡ ምን ማድረግ ይችላል?

አስተርጓሚ የሚጠየቀው ቀጠሮ ሲያዝ ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በስልክ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ማለቱ ይበቃል፤ ብዙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚውን በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኛሉ። ሴት ታማሚ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለች።

ብዙ ሰዎች አስተርጓሚ የሚሸሹት ምስጢራቸው በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዳይወጣ ፈርተው ነው። ማኅበረሰቡ ትንሽ በሆነበት ከተማ ስጋቱ ምክንያት አለው። የሕክምና አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያም ሆኖ ታማሚው ካልተረጋጋ፣ በሌላ ግዛት የተቀመጠ አስተርጓሚ በስልክ እንዲመደብለትና ስሙ እንዳይነገር መጠየቅ ይችላል። ተቋሙ አስተርጓሚ ከከለከለ፣ በጤናና ሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀናት ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

በቤት ውስጥም ድንበር ማበጀት ይጠቅማል። የሱቅ ዋጋ፣ የአውቶቡስ መንገድ፣ የጎረቤት ሰላምታ ለልጅ ይመጥናሉ። ሕክምና፣ ፍርድ ቤት፣ ዕዳ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይና የልጁ የራሱ የትምህርት ውጤት ግን ለአዋቂ ይተዋሉ። ወላጅ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንኳ ቢከታተል፣ በልጁ ላይ ያለው ሸክም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የልጁም አማርኛ እንክብካቤ ይፈልጋል። በሰባት ዓመቱ ከአገር የወጣ ልጅ እንግሊዝኛው በየዓመቱ ሲያድግ አማርኛው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ተነሥ» ከሚለው የጓዳ ቋንቋ አልፎ ላይሄድ ይችላል። የኋላ ኋላ በጉርምስናው የሚያስጨንቀውን ለእናቱ የሚነግርበት ቃል ያጣል። ለዚያ ንግግር ደግሞ ከሆስፒታል የሚታዘዝ አስተርጓሚ የለም። በየምሽቱ በገበታ ዙሪያ ስለ ውሏቸው በአማርኛ የሚያወጉ ወላጅና ልጅ ያን ቀን ከአሁኑ እየተዘጋጁበት ነው።